ከቅጥሩ ውጪ

ተናኘወርቅ እንደ ወትሮዋ ከጎረቤት ቀድማ ተነሣች። ሌሊት የለወጠቻቸውን ጨርቆች በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ጓሮ ሰቀለች፤ ሰው እንዳያያቸውም አንሶላ ደረበችባቸው። ምድጃውን ለኩሳ ቀና ስትል ዓይኗ ጨለመባት። ግድግዳውን ተደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቀች። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሩ ተንኳኳ። ወተት የምታመጣላት የላፍቶዋ ገዲሴ ነበረች።

«ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?» አለቻት ወተቱን እየቀዳች።

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

ባሏ ገሠሠ ከሞተ ወዲህ ይህን የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበረም።

ተናኘወርቅ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ለሴቶች ፊደል ታስቆጥራለች፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ስለ ጤና ታስተምራለች። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው። የወር አበባ ደሟ ከበዛ ስድስት ወር ሆኖታል። «ማረጥ ነው፤ ያልፋል» ብላ ለራሷ ፈርዳ ተቀምጣለች።

የዚያ ቅዳሜ ትምህርት ስለ ማረጥ ነበር። ገዲሴ ሌሎቹ ሴቶች እስኪወጡ ጠብቃ ወደ ሰሌዳው ቀረበች።

«ጓድ አስተማሪ» አለቻት፤ ጓድ የምትለው ልታሾፍ ስትል ነው። «ማረጥ ማለት መቆም ነው አላልሽንም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ያንቺ መቼ ቆመ? ድሮ አንዱን ወር ደጅ ብትቀሪ ሁለቱን ትገቢ ነበር። ዘንድሮ ማርያም በዋለች ቁጥር ሀና ማርያም ከቅጥሩ ውጪ ነሽ። ሌላው ሰው ትሕትና ይመስለዋል። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ።»

ተናኘወርቅ የያዘችውን ጠመኔ አስቀመጠች።

«ክፉው በሽታ ከሆነስ ብዬ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከሆነም ሁለታችን እንሰማዋለን።»

ሰኞ በአውቶቡስ ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ማሕፀኗ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ክፉ እንደማይመስለው፣ ነገር ግን መውጣት እንዳለበት ነገራት። ደሟ በጣም ስላነሰም መጀመሪያ ደም የሚሰጥላት ሰው ያስፈልግ ነበር። ገዲሴ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«የኔ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የተጠራቀመ አለኝ፤ ቅጂ» ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

ዕጢው ወጣ፤ ክፉም አልነበረም። ቁስሏ ሽሮ ሰውነቷ ሲጠና፣ በማርያም ዕለት ቅጥሩ በር ላይ እንደ ልማዷ እግሯ ቆም አለ። ገዲሴ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። «ግቢ እንጂ! ናፍቀሻታል እኮ።»

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ተናኘወርቅ ዛሬ ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ታስተምራለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከምስጋናዋ ሁሉ የሚቀድመው ስለ ገዲሴ ነው።

ገዲሴ ባለፈው ክረምት አረፈች። ወተቱን አሁን የምታመጣው ምራቷ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ጨዋ ልጅ ናት፤ በሰዓቷ ትመጣለች፤ መሬት መሬት እያየች ቀድታ ትሄዳለች። «ፊትሽ ምነው?» የሚላት ግን የለም።