የመርሳ በረዶ

ጀብሪል ቲማቲሙን ከፍሪዘሩ አውጥቶ የሱቁን ባንኮኒ መታበት። ቋ አለ። ድንጋይ እንኳ እንዲህ አይጮህም። ሌላ አወጣ፤ ቋ። ካሮቱን አወጣ፤ ካሮቱ ሚስማር ይመታል። ጥቅል ጎመኑን ግን አንስቶ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። በዚያ ጎመን ሰው ቢፈነከት ዳኛው መሣሪያ ብሎ ይመዘግበው ነበር።

"ዑስማን፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይህ ፍሪዘር ስንት ላይ ነው የተደረገው?"

ባለሱቁ ዑስማን የሚስቱ የሁሪያ ታናሽ ወንድም ነው። "ሰባት ላይ ነዋ ጋሼ። ስንት ላይ ላድርገው ኖሯል?"

እውነቱን ነው። መርሳ ላይ ፍሪዘር ያለው ሰው ሁሉ መብራት ሲመጣ ቁልፉን ወደ መጨረሻው ቁጥር ያዞራል። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መሄዱ አይቀርምና፣ እስከዚያ ቅዝቃዜውን እንደ ጣሪያ ውኃ ቶሎ ቶሎ ማጠራቀም ነው። ይህ ልማድ አንድም ሰው ጎድቶ አያውቅም። ካለፈው ዓርብ ጧት እስከ ዛሬ እሑድ ጧት ግን መብራት አንዴም ሳይጠፋ ዋለ፤ አደረ፤ ደግሞ ዋለና አደረ። አገሩ "ምን ነካው?" እያለ ሲገረም የጀብሪል አትክልት ወደ ድንጋይነት ይለወጥ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የልጁ የናጅዋ ኒካህ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ የሙሽራው ዘመዶች ከወልድያ ይመጣሉ። ድግሱ ለዓርብ ነበር፤ የሙሽራውን አጎት ሐጂ ሲራጅን ጉንፋን ያዛቸውና ወደ እሑድ ተገፋ። ለዓርብ የተለቀመው አትክልት በመርሳ ሙቀት እንዳይበሰብስ ነበር የዑስማን ፍሪዘር ውስጥ የገባው።

ጀብሪልን ያስጨነቀው ምግቡ ብቻ አይደለም። ለሽምግልና የመጡ ጊዜ ሐጂ ሲራጅ የቅጥፈት ጨዋታ ዝናውን ሰምተው ነበር። ዱባ እየጋጠች ወደ ውስጥ የዘለቀች በግ በወሯ ሁለት ግልገል አስከትላ ወጣች ብሎ ጎረቤት ከተማ ውርጌሳ ላይ ያወራው እሱ ነው። ሐጂ በሰው ፊት፣ "የእንዲህ ያለ ሰው ቃል በምን ይጨበጣል?" አሉ። ጀብሪልም ደሙ ፈልቶ፣ "ለድግሱ አንድ ፍሬ አትክልት ከገበያ አልገዛም፤ ሁሉም ከእርሻዬ ነው። ከገዛሁ ከዚያ ወዲያ በቃሌ አትመኑኝ" ብሎ ተናገረ።

ዑስማን ራሱን አከከ። "ገበያው እዚሁ ነው። ሁለት ሣጥን ቲማቲም እንግዛና የእርሻዬ ነው በላቸው። ቲማቲም ላይ ስም አይጻፍም።"

"አይሆንም።"

"አንተ ነህ አይሆንም የምትል? የዱባውን በግ የወለድክ?"

"ዱባውን ማንም አላመነኝም፤ ስለዚህ ማንንም አላታለልኩም" አለ ጀብሪል። "ይህን ግን ያምኑኛል።"

እንደ መሞከሪያ ሦስት ቲማቲም ፀሐይ ላይ አስቀመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስቱም እንደ ተበሳ ፊኛ ተንፍሰው ውኃቸው በደረጃው ወረደ። ጀብሪል ነጠላ ጫማውን እየጣለ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሁሪያ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ግቢው ውስጥ ትልቁን ድስት ታማስላለች።

"ሁሪያ፣ ቲማቲሙ በረዶ ሆኗል።"

ዞር ብላም አላየችው። "መርሳ ላይ። እሺ። ግመሎቹስ በረዶ ላይ ተንሸራተቱ?"

"ካሮቱም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬን እንኳ ተወኝ።"

"ወላሂ።"

ማማሰያው ቆመ። ጀብሪል በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በዱባውም በበጉም አንድ ቀን ወላሂ ብሎ አያውቅም። ሁሪያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሱቁ ቀደመችው።

ፍሪዘሩ ላይ ጎንበስ ብላ አንዱን አሸተተች፤ ሌላውን በጥፍሯ ፋቀችና ቀመሰች። "አልበሰበሰም። ደንግጦ ነው እንጂ አልሞተም። ፀሐይ እንዳታስነኩት፤ ከቀለጠ ይፈሳል። እንዲሁ እንደ ደረቀ እሳት ላይ ይወጣል።"

"ሰላጣውስ?"

"ሰላጣ የለም።"

"ለሐጂ እኮ . . ."

"አትክልት ነው ያልካቸው። ሰላጣ አፍህ ላይ መጥቶ ከነበረ ዋጠው።"

በጋሪ ጭነው ወሰዱት፤ ጀብሪል ዑስማንን አንድ የሰው ጭብጥ የሚያህል ቲማቲም ብቻ ወደ ፍሪዘሩ አስመለሰው። "ይቺ ምስክሬ ናት" አለ።

ግቢው ውስጥ ሁሪያ ሥራ አከፋፈለች። ቲማቲሙ የፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ልጣጩ እንደ ሰፊ ሸሚዝ ይወልቃል፤ ማውለቁ የጀብሪል ድርሻ ሆነ። ጣቶቹ ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ እሳት። ቃሪያው ለስንግ እንዳይሆን ልፍስፍስ ብሏል፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሙቀጫ ገባ። ካሮቱና ጎመኑ ቢላ እስኪያስገባ ብቻ ጠብቀው ከተፉት። የጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ ዘይቱ ተቆጥቶ ተረጨ፤ ሴቶቹ ክዳን እንደ ጋሻ ይዘው ወደ ኋላ አሉ።

"ጀብሪል፣ ይህችን ለውርጌሳ ሰው ስታወራ እኛን ከአንበሳ ጋር አታጣላን" አለች አንዷ።

ቲማቲሙ ውኃ አበዛ። ሁሪያ እሳቱን ጨመረች። ድስቱ ይንተከተካል፣ ጀብሪል ሰዓት ያያል፣ እሷ ታማስላለች። የዙህር አዛን ሲሰማ ስልሱ ገና ሾርባ ነበር። ጀብሪል ሰግዶ ሲመለስ ሁሪያ ከማማሰያው ጫፍ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለት።

"ጨው?"

"ዝም ብለህ ቅመስ።"

ቀመሰ። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የራሱ መሬት የሚሸት ስልስ ነበር። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ከጧት ጀምሮ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀው። "አልሐምዱሊላህ።"

ኒካሁ ታሰረ፤ ዱዓው ተደረገ። ዳሱ ውስጥ ሐጂ ሲራጅ ሩዙን በስልሱ እያሻሹ በሉ። ጀብሪል አጠገባቸው ቆሞ ጉርሻቸውን ይቆጥራል። ሐጂ አገጫቸውን ጠረጉ።

"ይህ የገበያ ቲማቲም አይደለም። የገበያው ጥሬውን ተለቅሞ ሣጥን ውስጥ ይቀላል። ይህ ተክሉ ላይ የቀላ ነው። ቃልህን ጠብቀሃል።"

"ይብሉ ሐጂ፣ ይጨመርልዎ።"

"ግን ልጣጩን ምን አደረጋችሁት? እንዲህ ያለ ልዝብ ስልስ ወልድያም አልበላሁ።"

ጀብሪል አፉ ላይ ሰባት ዓይነት መልስ ተሰልፎ ነበር። እውነቱን መረጠ። "ሐጂ፣ በረዶ ሆኖብን ነው። ፍሪዘር ውስጥ ነበር፤ መብራት ሁለት ቀን ሳይጠፋ ቀረ።"

ሐጂ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

"እዚህ መርሳ?"

"እዚሁ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ? አንዴም ሳይጠፋ?"

"አንዴም።"

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። ከዚያ ዳሱ እንዳለ ፈነዳ። ሐጂ እንባቸውን ጠረጉ። "በረዶውንስ እሺ። መብራቱን ግን . . . አይ ጀብሪል፣ ዱባው ይሻል ነበር። ግድ የለም፤ ሰው ሆድ ላይ የማይዋሽ ከሆነ ለጨዋታ ቢዋሽ አላህ መሓሪ ነው።"

ጀብሪል አላስቻለውም። ምስክሩን ሊያመጣ ወደ ዑስማን ሱቅ በረረ። ቲማቲሟ እንደ ጧቱ ናት፤ ባንኮኒው ላይ ሞከራት፤ ቋ። በመሐረብ ጠቅልሎ በጓሮ በር ሲገባ ሁሪያን ትንሽ ድስት ላይ ጎንበስ ብላ አገኛት። ሴቶቹ ከጎህ ጀምሮ ሲሠሩ ውለው ገና መቅመሳቸው ነው፤ ስልሱ ግን እንግዳ ላይ አልቆ ድስቱ ሥር ጥቂት ቀርቷል።

"አንድ ቲማቲም እንኳ የተረፈ የለም?" አለች።

ከዳሱ የሐጂ ድምፅ ይሰማል። አርፍደው ለመጡ እንግዶች እያወሩላቸው ነው። "ሦስት ቀን ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ቀርቶ፣ ይላል፣ ጎመኑ ተራራ አክሎ . . ."

ጀብሪል ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ መሐረቡን ፈትቶ ቲማቲሟን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከራት፤ ልጣጯን ገፈፈና ድስቱ ውስጥ ጨመራት።