የሐዘን ቤት ቂጣ

ጸሎተ ሐሙስ ነው። ጀንበር ከቦዩ ማዶ ካሉት የኮኮናት ዛፎች ጀርባ ልትገባ ተቃርባለች። ሽማግሌው ቫርኪ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አንዴ በረንዳው ላይ፣ አንዴ ጀልባ ማሰሪያው ጋ፣ አንዴ ወጥ ቤት በር ላይ እያለ እግሩ አላርፍ ብሏል። ሲጠይቁት "የውሃውን ልክ እያየሁ ነው" ይላል። ውሃው ትናንት የነበረበት ነው። ቫርኪ የሚጠብቀው ቂጣ ነው።

በዚህ ምሽት በየክርስቲያኑ ቤት ያልቦካ የሩዝ ቂጣ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከሆሳዕና ዘንባባ የተሠራ ትንሽ መስቀል ላዩ ላይ ይደረጋል። አባወራው ጸልዮ ይቆርሰዋል፤ ቤተሰቡም ከትልቅ እስከ ትንሽ በዕድሜው ተራ በሁለት እጁ ይቀበላል። ሐዘኑ ዓመት ያልሞላው ቤት ግን አይጋግርም። ጎረቤት ወይም ዘመድ ጋግሮ ያመጣለታል። የቫርኪ ሚስት አቻማ የሞተችው ባለፈው ክረምት ነው። አልጋ ላይ ሆና ስለ ላሟ ከተናዘዘች በኋላ "የጸሎተ ሐሙሱ ቂጣ እዚህ ቤት ሳይቆረስ እንዳይቀር" ብላው ነበር። "ዘመድ ሞልቶን እንዴት ይቀርብናል!" ብሎ ተቆጣት። የምትሞት ሴት ላይ መቆጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ዘመዱስ በእርግጥ ሞልቶ ነበር። ያባረረው ራሱ ቫርኪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ወጣት ቄስ በነቫርኪ የሩዝ ማሳ ጭቃ ሲያቦኩ የሚውሉትን ሠራተኞች አስተምሮ አጠመቀ። እስከዚህ ድረስ ቫርኪም ቅር አላለውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ሥር ውጭ ቆመው እስካስቀደሱ ድረስ ይጠመቁ። ከዐቢይ ጾም በፊት ግን ቄሱ ወደ ውስጥ አስገባቸውና ከነባሮቹ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀመጣቸው። ቅዳሴው እንዳበቃ ቫርኪ ግቢውን ቀወጠው። "ሐዋርያው ቶማስ በገዛ እጁ ያጠመቀው የኔን ቅድመ አያቶች ነው! ይቺ ቤተ ክርስቲያን የቆመችው በኛ አጥንት ላይ ነው!" አለ።

ቄሱ ረጋ ብሎ "አባባ ቫርኪ፣ ሐዋርያው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው የእርስዎን ቤት ብቻ ፈልጎ ነው እንዴ?" ሲል ጠየቀው።

አንዳንዱ ሳቀ። ቫርኪን ያሳበደው ያ ሳቅ ነው። "ከነሱ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ፣ የአጎቴ ልጅም ቢሆን፣ ደጄን እንዳይረግጥ" ብሎ ወጣ። ሰዉም ቃሉን አከበረለት። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ሁሉም ቀረ።

አቻማ ብትኖር እዚህ አይደርስም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እሱ ሰድቦ ከሚወጣበት ቤት ሁሉ በማግስቱ ሙዝ ይዛ ትገባ ነበር፤ "አፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው፤ ታውቁት የለ" እያለች። አሁን ከኋላው የሚጠግንለት የለም። በምላሹ እሱ ምን አደረገላት? በየዓመቱ ቂጣዋን ቀምሶ "ዘንድሮም ጭስ ጭስ ይላል" ይላት ነበር። ሌላ ያላት ነገር ትዝ አይለውም።

"አባባ፣ ገብተው አረፍ ይበሉ" አለችው ምራቱ ሶሳማ።

"ማን ደከመኝ አለሽ?"

"ካልሆነ እኔ ልጋግረው? ዱቄቱ አለ።"

"በሐዘን ዓመት? አማትሽ ከመቃብር ተነስታ ትመታሻለች።"

"መጀመሪያ የምትመታው እርስዎን ነው" አለ ልጁ ኩሩቪላ መብራት እየለኮሰ። "አጎቴ ኢቶፕን ሄጄ ልለምነው?"

"የቫርኪ ልጅ ቂጣ ሊለምን! እግርህን እሰብረዋለሁ።"

"እንግዲያው ምን ይሁን?"

ቫርኪ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ዛሬ ሳይቆረስ ካደረ፣ ከአባቶቹ ጀምሮ ያልተቋረጠው በእሱ እጅ ሊቋረጥ ነው፤ የአቻማም ቃል መሬት ሊወድቅ ነው።

ከቦዩ የመቅዘፊያ ድምፅ መጣ። የኢቶፕ ጀልባ ነው፤ መብራቱንም የኢቶፕን ሳልም ቫርኪ ለይቷል። እየጠበቀ እንዳይመስልበት ሮጦ ከምሰሶው ጀርባ ተደበቀ፤ ፀጉሩ ከነጣ ሰው የማይጠበቅ ሩጫ ነው። ጀልባው ማሰሪያው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ኢቶፕ ቤቱን ጥቂት አየ፣ ሳለ፣ ቀዝፎ አለፈ።

"አለፈ?" አለ ቫርኪ ከምሰሶው ጀርባ።

"አለፈ" አለ ኩሩቪላ።

ቫርኪ ወጥቶ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ወዲያው ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ።

ጨለምለም ሲል ውሻው ጮኸ። ማንም ሲመጣ አላዩም፤ የመጣችው በማሳው በኩል ነው። ማርታ ነች፤ ከማሳው ጫፍ ጎጆ ያላት፣ ቄሱ ካጠመቃቸው አንዷ፣ ጀርባዋ ጎብጦም ችግኝ መትከል ያልተወች አሮጊት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ ሣህን ይዛ ከበረንዳው ርቃ ግቢው መሃል ቆመች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አላት ቫርኪ።

"ቂጣ ይዤ ነው ጌታዬ።"

"ማን ላከሽ? ቄሱ ነው?"

"ቄሱ ምን አገባው? የሐዘን ቤት አይጋግርም፣ ጎረቤት ያመጣል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። እስኪመሽ መንገዱን ሳይ ነበር፤ ማንም አልመጣም። እኔም ጎረቤት ነኝ።"

"ያልኩትን አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ደጅዎን አልረገጥኩም እኮ፤ ይኸው ግቢ ነው የቆምኩት። ልጅዎ ወርዶ ይቀበለኝ።"

ሶሳማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ኩሩቪላ ወደ አባቱ አየ።

ቫርኪ ወደ በረንዳው ጫፍ ቀረብ አለ። የማርታን ጭቃማ እግር አየ። የሐዋርያውን መምጣት ለልጆቹም ለእንግዳም ስንቴ ተርኮታል፤ በሱ አፍ ሐዋርያው እንደ ንጉሥ ነበር የሚመጣው። ለካ ያም ሰውዬ ከጀልባ ሲወርድ እግሩ ጭቃ ነበር። አገር የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ አንድ ነገር ይዞ የማያውቀው ሰው ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው። የቫርኪ ቅድመ አያት በረንዳው ላይ ሆኖ አየው። ያን ምሽት ቅድመ አያቱ "ደጄን እንዳትረግጥ" ቢለው ኖሮስ? ቫርኪ ይህን ከዚህ በፊት አስቦት አያውቅም፤ አሁን ሲያስበው ፊቱ ጋለ።

ከበረንዳው ራሱ ወረደ። ሣህኑን ሳይሆን ክንዷን ያዘ።

"ግቢ።"

"ይቅርብኝ ጌታዬ። ነገ ይቆጭዎታል።"

"የሚቆጨኝን እኔ አውቃለሁ። እግርሽን ታጠቢና ግቢ።"

ውሃውን ያፈሰሰላት ኩሩቪላ ነው። ከአቻማ ሥዕል ፊት መብራት በርቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል። ማርታ ምንጣፉን ሸሽታ ባዶው መሬት ላይ ልትቀመጥ ስትል ቫርኪ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳትወድ ጠጋ አለች። ጸለየ። የዘንባባውን መስቀል አነሳና ቂጣውን ቆረሰ።

በዚያ ቤት የመጀመሪያው ቁራሽ የአባወራው ነው፤ ትልቁ እሱ ነዋ። ቫርኪ ግን ቁራሹን ይዞ ወደ ማርታ ዞረ።

"ማርታ፣ እኔ ስወለድ ነበርሽ?"

"ነበርኩ እንጂ። ማሳው ላይ ችግኝ ስንተክል ወንድ ተወለደ ተባለ፤ አባትዎ ለያንዳንዳችን አንድ እፍኝ ሩዝ ሰጡን።"

"እንግዲያው ታላቄ ነሽ" አለና ቁራሹን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

በሁለት እጇ ተቀበለች። ቀጥሎ እሱ በላ፤ ከዚያ ኩሩቪላ፣ ከዚያ ሶሳማ።

"ማገዶዬ እርጥብ ነበር" አለች ማርታ አቀርቅራ። "ጭስ ጭስ ብሎብዎት ይሆናል።"

የቫርኪ እንባ በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

"ይላል" አለ። "የሷም እንዲሁ ነበር የሚለው። እወደው ነበር።"