ምንጩ ያልታወቀ ዘር

ባንቺዓለም ከከረጢቱ አንዲት የለውዝ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ለሁለት ከፈለቻት። ወጣቱ የምርምር ባለሙያ ኃይለ ሚካኤል ስለ አዘራሩ ማስረዳቱን ገና አልጨረሰም ነበር።

"ይኼ የኔ ነው" አለችው።

"ምኑ፣ እትዬ?"

"ዘሩ። የኔ ለውዝ ነው።"

ኃይለ ሚካኤል ሳቀ። ከረጢቱ ላይ "ቁጥር ሰባት" ተብሎ ተጽፏል። ሞጣ ካለው ቢሮ ይዞት የመጣው፣ በመጪው ሰኔ በአምስት ገበሬዎች ማሳ ላይ የሚሞከር አዲስ ዝርያ ነው። ምርቱ እጥፍ ነው፣ በሽታም አይደፍረውም ተብሎለታል።

"እንዴት የርስዎ ይሆናል? እስከ ዛሬ ከኛ እጅ ያልወጣ ዘር እኮ ነው።"

ባንቺዓለም አልሳቀችም። የፍሬዋን ልባስ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ቀይ ነው፤ ከጫፉ እስከ ወገቡ ቀጭን ነጭ ጭረት ወርዶበታል። ፍሬው ከርሷ ለውዝ በእጥፍ ይበልጣል፤ ጭረቱ ግን ያው ነው። ከቢቸና ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ሁሉ ይህን ጭረት ከርሷ ማሳ በቀር የትም አላየችውም።

ከአሥር ዓመት በፊት የመንደሩ ለውዝ ሁሉ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ሲረግፍ፣ ማሳዋ ድንጋያማ ጥግ ላይ አሥራ አንድ እግር ለውዝ ለምልሞ ቀረ። ባሏ የሞተው በዚያው ክረምት ነበር። ቤቷ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም፤ ሆኖም ከአሥራ አንዱ አንዲት ፍሬ ለልጆቿ አላቀመሰችም። ለዘር አስቀመጠችው። በሁለተኛው ዓመት ቁና ሞላ። ያኔ ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ ሽበታም ባለሙያ መጥተው አንድ ጣሳ ወሰዱ። "ውጤቱን ይዤልሽ እመለሳለሁ" አሏት። እንደ ወጡ ቀሩ።

"ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ ሰው ታውቃለህ?" ስትል ጠየቀችው።

"ነፍሳቸውን ይማርና አለቃዬ ነበሩ። ይህንን ዘር ያዳቀሉትም እሳቸው ናቸው።"

ባንቺዓለም ከረጢቱን አሥራ መለሰችለት።

በማግስቱ ኃይለ ሚካኤል ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ የትናንቱ ሳቅ የለም። "እትዬ፣ ያ የድሮው ዘር እስካሁን አለዎት? ካለዎት አንድ ጣሳ ቢሰጡን" አለ። እሷ ሳትመልስ፣ ሰማው የሚባለው የባሏ ወንድም አጥር ከሚጠግንበት ቀና አለ።

"ሰማሽ? የመጀመሪያውን ወስደው ቁጥር ለጠፉበት። አሁን ደግሞ የቀረሽን ሊጠርጉ ነው። ከርሞ በውድ መልሰው ይሸጡልሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!"

"መዝገብ አላችሁ?" አለች ባንቺዓለም ወደ ወጣቱ ዞራ።

"አለን፤ ሞጣ ነው።"

"እንግዲያው ሞጣ እመጣለሁ። በዓይኔ ሳላይ አንዲት ፍሬ አልሰጥም።"

ሰኞ ጠዋት አንድ ጣሳ ለውዝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከቢቸና ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ እስኪገቡ ድረስ እጇ ከቋጠሮው ላይ አልተነሣም። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ቋጠሮው ቢያይ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ በክንዷ ከለለችው።

ኃይለ ሚካኤል ወፍራም መዝገብ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት። ሊያነብላት ሲል በእጇ ከለከለችው። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ከፊደል አልራቀችም። ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች አነበበች።

"ቁጥር ሰባት። አባት፦ ከሐረር የመጣ፣ ምርታማ። እናት፦ የቢቸና ቆላ ለውዝ፣ በሽታ የሚቋቋም። ምንጩ፦ ያልታወቀ።"

ጣቷ መጨረሻው ቃል ላይ ቆመ።

"ያልታወቀ? ቤቴ ገብተው እርጎ ጠጥተው ነው እኮ የሄዱት!"

"እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ እትዬ" አለ ኃይለ ሚካኤል አንገቱን ደፍቶ። "ረስተውት ይሁን ሆን ብለው፣ አላውቅም። ይህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት አልስቅም ነበር።"

ከዚያ የሚያውቀውን ነገራት። ሀብተ ሥላሴ ማታ ማታ ያልፈነዳውን አበባ በወረንጦ ከፍተው ወንዴውን ያወጡና ንጋት ላይ የሌላውን ዘር የአበባ ብናኝ ያስነኩት ነበር። ከአራት መቶ ድቅል በየዓመቱ ደካማው እየተጣለ ቁጥር ሰባት ብቻ ተረፈ። እናቲቱ ግን መጋዘን ውስጥ ነቀዝ በልቷት አለቀች።

"ያን ዕለት ማታ ከቢሮ ደውለው ነገሩኝ፤ ቁጥር ሰባትን ዋግ ጀምሮታል" አለና የደረቀ የለውዝ ቅጠል አቀበላት። "ከእናቱ ጋር እንደገና ካላዳቀልነው የትም አይደርስም።"

ሊያስፈራራኝ ይሆን? አለች በልቧ። ቅጠሉን ገለበጠችው። ዝገት የመሰለ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ። ይህን ብናኝ ታውቀዋለች፤ ባለፈው ጥቅምት የባሏን ወንድም ማሳ ጠራርጎ የርሷ ድንበር ላይ ሲደርስ የቆመው ነው። እውነቱን ነው። ግን እውነት የሚናገር ሰው አይወስድም ያለ ማን ነው?

"ያልታወቀ የሚለውን ሰርዝና ስሜን ጻፍ።"

"መዝገቡን ያለ ኃላፊው ፈቃድ መንካት አልችልም። እሳቸው ደግሞ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ስሜን የማያውቅ ቤት ዘሬን አያውቅም።" ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

በሩ ጋ ስትደርስ "ቆይ፣ እትዬ" አላት። መሳቢያውን ከፍቶ እርሳስ አወጣ።

"በእርሳስ አይደለም።"

ኃይለ ሚካኤል እርሳሱን መልሶ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ መዘዘ። ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ "ያልታወቀ" በሚለው ላይ መስመር አሳልፎ ከጎኑ ጻፈ። እሷ ከትከሻው በላይ ታያለች።

"ዓለም በዐይኑ ዓ ነው የሚጻፈው፤ በአልፋው አይደለም። አባቴ ቢያዩህ በአለንጋ ነበር።"

አረመው። ቀበሌዋን ጨመረ፤ ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩም ፈረመ።

ባንቺዓለም ፊርማው እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈትታ ለውዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ በመዳፏም መሐል ለመሐል ከፈለችው። አንዱን ክፍል ወደሱ ገፋች። ሌላውን ሰብስባ ወደ ነጠላዋ መለሰች።

"ጣሳ ሙሉ ያመጡልን መስሎኝ ነበር" አለ ኃይለ ሚካኤል።

"አምጥቼስ ነበር" አለች ቋጠሮውን እያጠበቀች። "የኃላፊህ ማኅተም ሲያርፍበት ና፣ ቀሪውን ውሰድ።"