የሦስት ሰዓት መንገድ

ልብስ ሰፊው ልጁን ካኮረፈ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ እሷ ግን እንዳኮረፋት አታውቅም።

ነገሩ የመጣው ከአውሮፕላን ትኬቷ ነው። ለሥራ ባሕር ማዶ ስትሄድ የትኬቱን ግልባጭ ትታለት ነበር። መነሻ ጧት ሁለት ሰዓት፣ መድረሻ ጧት አምስት ሰዓት፣ ቀኑ ያው። ሩቅ ነው ሲሉት የከረሙት ከተማ ለካ አፍንጫው ሥር ኖሯል! ስትደውል እሷ ዘንድ ረፋድ፣ እሱ ዘንድ ምሽት መሆኑን ያውቃል፤ ይህን ግን ከወረቀቱ ጋር አላገናኘውም። በሙያው የተጻፈ ልኬት እንደተጻፈ ይቆረጣል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም።

«በሦስት ሰዓትማ ሰው ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል» ይላል በሆዱ፣ መቀሱን እያስኬደ። «እሷ ግን ሦስት ዓመት!» ለሚስቱም አልተነፈሰም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጣች። አየር ማረፊያ ሄዳ የተቀበለቻት እናቷ ናት፤ እሱ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ከስፌት መኪናው አልተነሣም። ልጂቱ ሱቁ ድረስ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ፍታው እንጂ!» አለች ሚስቱ። «የመጣችው ልጅህ ናት፣ ግብር ሰብሳቢ አይደለችም።»

«ምን አልኩ?»

«እሱ ነዋ፣ ምንም አላልክም።»

ልጂቱ ሳቀችና የደንበኛ በርጩማ ላይ ዘፍ አለች። ልብስ ሰፊ ሰው ሲያይ ከትከሻ ይጀምርና ቁርጭምጭሚት ላይ ይጨርሳል። የእሷ ቁርጭምጭሚት ግን የለም። እግሯ እንደ ትራስ ተነፍቶ የጫማው ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።

መኪናውን አቆመ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ መጥቼ ነዋ።»

«የምን አሥራ አንድ? ወረቀትሽ ሦስት ነው የሚለው።»

«የዚያ አገር ሰዓት እኮ ከዚህ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ አባዬ። መድረሻው የተጻፈው በዚያ ሰዓት...» ብላ ቆም አለች። ፊቱን አየችው። «እስከ ዛሬ ሦስት ሰዓት መስሎህ ነው? ለዚህ ነው ስልኩን ቶሎ ለእማዬ የምታቀብላት?»

መቀሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ታዲያ አትጠይቀኝም?»

«ልኬት ተጽፎ ከመጣልኝ አልጠይቅም።»

«ደንበኛህ ነኝ እንዴ?»

ተነሥቶ ሄዶ ፊቷ ተንበረከከና የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ተው አባዬ፣ እኔው አወልቀዋለሁ።»

«ዝም በይ።»

ጫማውን ቀስ ብሎ ሳበ፤ ያበጠውን እግር ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«በሚቀጥለው እኔ ነኝ የምመጣው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አሥራ አንድ ሰዓት ትችለዋለህ?»

«አርባ ዓመት ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ያቅተኛል?»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። እሱ ሁለተኛውን ጫማ ያዘ።