የመጨረሻዋ ናሙና

ደሴ ላይ የዕፅዋት ሳይንስ የምታስተምረው ጣይባ፣ ጥቅምት በገባ ቁጥር ከቢስቲማ በላይ ወዳለው ጫካ ትወጣለች፤ አንዲት አበባ ልትቆጥር። ቆጠራውን ከባልደረባዋ ከጸጋው ጋር ሲጀምሩት ሰማንያ ስድስት ነበሩ። ጸጋው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ናት። አበባዋ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ ሐምራዊ ናት፤ የምትበቅለውም በጽድ ጥላ ሥር፣ ውኃ በሚያንጠባጥብ ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። ለከብትም ለሰውም ስለማትጠቅም የአገሬው ሰው ስም እንኳ አላወጣላትም።

አምና የጫካው ጠባቂ፣ አዛውንቱ ዘይኑልአቢዲን፣ አብረዋት ቋጥኙን ዞሩ።

«አምስት» አሉ።

«እስቲ ደግመን እንቁጠር፣ አባባ።»

ደግመው ቆጠሩ። ያው አምስት ነው።

ጣይባ ከቦርሳዋ ትንሽ ቢላ አወጣች። ደረጃ የሚሰጡት ባለሙያዎች አበባዋን «መረጃ ያልተሟላላት» ብለው ነው የመዘገቧት። ልትጠፋ መቃረቧን ለመቀበል ከነሥሯ ተነቅላ የደረቀች አንዲት ናሙና ይፈልጋሉ። ደረጃዋ ከተቀየረ ጫካው አጥርም ተጨማሪ ጠባቂም ያገኝ ይሆናል። ይህንኑ ለሽማግሌው አስረዳቻቸው።

እሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው ሰሟት። «ወላሂ፣ ልጄ፣ ከዚህ ጫካ መጥረቢያ የያዘ ስንቱን መልሻለሁ። ዛሬ ደግሞ አንቺን ልመልስሽ?»

ፊቷ ጋለ። «አይመልሱኝ» አለችና ቢላዋን ከተተች። ፎቶ ብቻ አንስታ ላከች። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ፎቶ አይበቃም፣ ደረጃዋ ባለበት ይቆያል።

ዘንድሮ ስትወጣ የሽማግሌው ቤት ተዘግቷል። ታመው ልጃቸው ለይላ ኮምቦልቻ እንደወሰደቻቸው አንዲት ጎረቤት ነገረቻት። በቦታቸው የተተካ ሰው የለም። ቋጥኙ ላይ ያጠሉ የነበሩት ጽዶች ተቆርጠዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ እየወረደበት ድንጋዩ ደርቋል። ቀኑን ሙሉ ስንጥቁን ሁሉ በጣቷ እየዳበሰች ፈለገች። ሊመሽ ሲል አንዲት አገኘች። ሥሯ ሳይቀር ደርቃለች። ጣይባ ሰው ልትጠራ ዞር አለች፤ ማንም አልነበረም። ቁጭ ብላ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ከድንጋዩ አላቅቃ በጋዜጣ መካከል አስተኛቻትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደች። ሽማግሌው በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«ስንት አገኘሽ?» አሏት፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ።

«አንድ።»

«አልሐምዱሊላህ! አንድ ካለች ትበቃለች፤ አላህ ያበዛታል።» እጇን ያዙ። «ያኔ ቆርጠሻት ቢሆን ይቺም አትገኝም ነበር እኮ።»

ቦርሳው ጭኗ ላይ ነበር። «እውነትዎን ነው፣ አባባ» አለች። ለይላ ምሳ ብዪ ብላ ብትለምናት መኪና ያመልጠኛል ብላ ተነሳች።

የየካቲት ወር ሲጋመስ ለላከቻት ናሙና መልስ መጣ። ጠፍታለች ለማለት ገና የዓመታት ፍለጋ ስለሚቀር «ለመጥፋት ጫፍ የደረሰች» ተብላ ተመዝግባለች። ናሙናዋ ግሩም እንደሆነችም ጽፈዋል። ጣይባ ቢሮዋ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበበችውና ለይላ ጋ ደወለች።

«አባቴን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ምን ልበልልሽ?» አለች ለይላ።

«ተዪው፤ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት አልወረደችም። በሚቀጥለውም አልወረደችም።