የተገለበጠው ቄሣር

"ይህ ቄሣር ለከተማችን ጌታ ጀርባውን የሚሰጠው ምን በድለውት ነው?"

አለቃ ጓልቲዬሮ ይህን ሲጮኹ በአዳራሹ ውስጥ ሥራው ሁሉ ቀጥ አለ። ከበሩ በላይ ባለው እርጥብ ልስን ላይ ራሰ በራው ቄሣር ቬስፓስያኖስ በትረ መንግሥቱን በግራ እጁ ጨብጦ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። የማንቱዋው ጌታ ወንበር ያለው ደግሞ በወዲያኛው በኩል ነው። ጌታው እሑድ አዳራሹን ሊያዩ ይመጣሉ።

አንሴልሞ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። ለዚህ አዳራሽ አሥራ ሁለቱንም ቄሣሮች ከጥንት ሳንቲሞች እያየ በወረቀት የሚነድፈው እሱ ነው።

"እኔ የነደፍኩት በቀኝ እጁ ነው" አለ።

"ዓይናቸው ደክሟል፣ አለቃ" አለ ቀቢው ብሪዚዮ ከመሰላሉ ላይ፣ ብሩሹን እንኳ ሳያስቀምጥ። "ባለፈው ሳምንት ድመቷን 'እንደምን አደሩ እመቤቴ' ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አለቃ ግን አልሳቁም። "እውነት ከሆነ እስከ ማታ ዕቃህን ሰብስብ" አሉት አንሴልሞን።

አንሴልሞ ብሪዚዮን ከልቡ ይጠላዋል፤ አሁን ደግሞ ፈራው። ዓይኑ ደከመ የተባለ ነዳፊ በማንቱዋ ማንም ሥራ አይሰጠውም። እየተጣደፈ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት አነሳና ወለሉ ላይ ዘረጋው።

በንድፉ መስመሮች ላይ ራሱ በመርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። ብሪዚዮ ወረቀቱን ልስኑ ላይ ለጥፎ የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ ሲመታው፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የሚጠቁረው ወደ ሠራተኛው የዞረው ገጽ ነው። የተነደፈበት ገጽ ግን ንጹሕ ነበር፤ የጠቆረው ጀርባው ነው።

"ገልብጦ ለጥፎታል! ይዩት አለቃ፣ ንድፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የመታው። ሆን ብሎ ነው!" አለ አንሴልሞ።

አለቃ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ መሰላሉ ቀና አሉ። "ውረድ። ነገ እንዳላይህ።"

ብሪዚዮ ወረደ። አንሴልሞን እያየ ፈገግ ብቻ አለ። ፈገግታው አንሴልሞን አበሸቀው። ወረቀቱን ሊጠቀልል ሲያጎነብስ፣ ከከሰሉ ሥር ጥግ ላይ አንድ ነገር ቀላ ብሎ ታየው። አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋው። "ይህ ገጽ ወደ ውጭ" ለማለት እሱ ራሱ በቀይ ጠመኔ የሚያደርጋት የመስቀል ምልክት ነበረች። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ መስመሩ ከጀርባም ይታያል፤ ማለዳ ምልክቷን ሲያደርግ፣ ከሐይቁ በሚነሣው ጭጋግ ጀርባው ፊት መስሎታል።

አውራ ጣቱን ምልክቷ ላይ አሳረፈ። አንዴ ቢያሻት ትጠፋለች፤ ብሪዚዮም ይሄድለታል። እንዴት ደስ ባለው ነበር!

"አለቃ" አለ በመጨረሻ፣ "ምልክቱ የኔ ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"አየሁት እኮ" አለ ብሪዚዮ ወደ አንሴልሞ ዞሮ። "ገና ስለጥፈው የተገለበጠ መሆኑን አውቄያለሁ። 'ምልክቴን ተከተል፣ አፍህን ዝጋ' ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ይኸው ዘጋሁ።"

"አንዱ ዕውር፣ አንዱ እባብ!" አሉ አለቃ። "ልስኑን አራግፉልኝ! ቄሣሩ እስከ እሑድ ፊቱን ካላዞረ ሁለታችሁንም አባርራለሁ።" በሩን ወርውረውት ወጡ።

የሚቀጥለው ቄሣር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተበስቶ አልቋል፤ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። አንሴልሞ ከሽርጡ ኪስ ቀዩን ጠመኔ አውጥቶ ለብሪዚዮ ዘረጋለት።

"ምን ላድርገው?"

"አልወድህም፤ አላምንህምም" አለው። "ግን ዓይንህ ያያል። ከዛሬ ጀምሮ ምልክቱን የምታደርገው አንተ ነህ።"

ጠመኔውን እጁ ላይ ጥሎለት መዶሻውን አነሳና፣ ቄሣሩን ሊያፈርስ መሰላሉን ወጣ።