ኔሩ ወይስ ማላ

ፌበንን ያመጣኋት እኔው ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ የማማው ሰው የለኝም።

ቀበና ሰፈራችን ውስጥ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራለች፣ ቋንቋ ትወዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጉርድ ሾላ፣ ከጀይላን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጓዳ ተቀምጠን የምንሠራውን ስነግራት ዐይኗ በራ። ሥራችን ኦሚና ይባላል፤ የማንም አገር ያልሆነ፣ ማንም በቶሎ ሊለምደው የሚችል ዓለም አቀፍ ቋንቋ። እኔና ጀይላን በኢንተርኔት ካገኘናቸው የሌላ አገር ሰዎች ጋር ስምንት ዓመት ለፍተንበታል። ግሱን እነሱ ሠሩት። ተውላጠ ስሙና የብዙ ቁጥር ምልክቱ ለእኛ ደረሰን።

ለእኛ ስል ለእኔ ማለቴ ነው። "እኔ" ማ፣ "አንተ" ሶ፣ "እሱ" ቲ እንዲሆን ቀድመን ተስማምተናል። የቀረው የብዙ ቁጥሩ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ የራሱን ቃል ሰጠሁት፤ "እኛ" ኔሩ፣ "እናንተ" ዋሊ፣ "እነሱ" ኮሚ። ኔሩን ለማግኘት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እኛ ማለት የእኔ ክምር አይደለም፣ የራሱ ቃል ይገባዋል ብዬ ሳስረዳው ጀይላን "ብዙነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ ቋንቋ ምን ይውጠው ነበር?" ብሎኝ ያውቃል። ያቺን ንግግር ስንት ቀን ይዣት ዞርኩ።

ፌበን በመጣች በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ለሁሉም "ላ" ይጨመርበት አለች። ማ ሲበዛ ማላ፤ ሶ ሲበዛ ሶላ፤ ቤት ካሶ ከሆነ ቤቶች ካሶላ። አለቀ! ጀይላን መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ሲገባ ነው እንደዚያ የሚስቀው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚስቀው ለእኔ ብቻ ነበር። ቅጥል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነ። ጠዋት ለእኔ ይደውል የነበረው ሰውዬ ለእሷ መደወል ጀመረ። የሆነ ነገር ስጠይቀው "ፌበንን እንጠይቃታ" ይለኛል። እሷ ደግሞ ስገባ ከወንበሬ ብድግ ብላ "እትዬ ብዙነሽ፣ እዚህ ይቀመጡ" ትለኛለች። በገዛ ወንበሬ ትጋብዘኛለች! ባለጌ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ጨዋ ናት።

ክርክሩ አላልቅ ሲል ጀይላን ፈተና ይደረግ አለ። ፌበን ጉርድ ሾላ፣ እኔ እንጦጦ፣ አሥር አሥር ሰው ፈልገን ሁለቱንም ዓይነት እናስተምራለን፤ በሳምንቱ ሳንነግራቸው ተመልሰን የትኛውን እንዳስታወሱ ቅጽ ላይ እንሞላለን። ያሸነፈው ቋንቋው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ይሰረዛል።

በሳምንቱ ስመለስ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የጥበቃው አዛውንት አባባ ወልደ ሐዋርያት ገና ሲያዩኝ "ማላ፣ ሶላ፣ ቲላ" ብለው በጣታቸው ቆጠሩልኝ።

"ሌሎቹስ? በመጀመሪያ ያስተማርኩዎት?"

"እነሱ እንኳ የት እንደገቡ እንጃ ልጄ" አሉኝ።

ሰባት ለሦስት ተሸነፍኩ። በባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ስወርድ ቅጾቹን ቀድጄ መበተን አማረኝ። ግን ሠላሳ ዓመት በሕዝብ ቆጠራ ሥራ ላይ የሌሎችን ቅጽ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ቅዳሜ ስንገናኝ ፌበን አሥሩን ቅጿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጀይላን ወዲያው ሊቆጥር ሲል "ሳይመረመር አይቆጠርም" ብዬ ተቀበልኩት። ልማዴ ነው፤ መልሱን ሳላይ መጀመሪያ የላይኛውን አነባለሁ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ዕድሜው ላይ ዐይኔ ቀረ። ሠላሳ ሰባት። አርባ ሦስት። ሃያ ዘጠኝ። ሃምሳ ሁለት። ሰው ዕድሜውን ሲጠይቁት ይጠቀልላል፤ ሠላሳ ይላል፣ አርባ ይላል፣ "ወደ አርባ አምስት ጻፊው" ይላል። ከአሥር ሰው አንድ እንኳ ካልጠቀለለ ቅጹ የተሞላው ቤት ተቀምጦ ነው። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የተጻፈ ይመስላል።

በልቤ ጮቤ ረገጥኩ። የእሷ ከተጣለ ፈተናው በሙሉ ይጣላል፤ የእኔም ሰባት ለሦስት እንደተደበቀ ይቀራል፤ ኔሩ ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀይላን ማንን አምኖ ማንን እንደተወ ያያል።

"እነዚህ ሰዎች የሉም" አልኩ ጮክ ብዬ። "ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የፈጠርሻቸው። ለማሸነፍ ብለሽ!"

ፌበን ፊቷ ደም አጣ።

ጀይላን ቅጾቹን ከእጄ ወስዶ እስከ ታች አነበበ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን፣ ቀስ እያለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ብዙነሽ፣ መልሱን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። ምን ያደርግልኛል?"

"ዘጠኙ ኔሩ ነው የሚሉት።"

ክው አልኩ። ፌበን ማልቀስ ጀመረች። ከቦርሳዋ ሌሎች አሥር ወረቀቶች አወጣች፤ የተጨማደዱ፣ ሻይ የፈሰሰባቸው፣ ስርዝ ድልዝ የሞላባቸው። እውነተኞቹ እነሱ ነበሩ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ ብዙነሽ። አሥሩም ማላ ነው ያሉኝ። አሥሩም! ይሄንን ይዤ እንዴት ልምጣ? እርስዎ ስምንት ዓመት ለፍተውበታል፤ እኔ የመጣሁት ገና በጥቅምት ነው። እኔ እኮ ይሄ ቢቀርብኝ ሌላ ነገር እሠራለሁ ብዬ ነው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነችልኝ፤ ይህች ልጅ አዘነችልኝ።

"የእንጦጦውስ?" አለ ጀይላን።

ገና አልጨረስኩም ብል ማንም አቀበቱን ወጥቶ አያጣራም። ሁለቱም ያምኑኝ ነበር፤ ፌበን እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። ቦርሳዬን ከፈትኩና ቅጾቹን ሰጠሁት።

"ሰባት ለሦስት። ማላ" አልኩ።

ጀይላን መዝገቡን አውጥቶ "እኛ" ከሚለው ትይዩ ማላ ብሎ ጻፈ። ፌበን አንገቴን አቅፋ ለእኔ አለቀሰች፣ ለራሷ አይደለም። እኔ ደረቅ ብዬ ቆምኩ።

እስከዚያ ድረስ የምቀናባት በቋንቋው፣ በጀይላንም ነበር። አሁን የምቀናባት በልቧ ነው። ያንን ሰባት ለሦስት ይዤ ከእንጦጦ ስወርድ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ስለ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ነበር።